አሮጌ ላፕቶፕ የሚያፈጥን የተደበቀ ሴቲንግ አለ የሚባለው እውነት ነው?

የፊደል_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራው በሁለት ማሽን ነው የሚሄደው። አንዱ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ላፕቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 4300ዩ፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500፣ ዊንዶውስ 10። ሌላው አሮጌ ኮር ቱ ዱዎ ዴስክቶፕ ነው፤ የሱን ጉድ ሌላ ቀን አወራለሁ።

ያስቸገረኝ ላፕቶፑ ነው። ስገዛው እንዲህ አልነበረም። አሁን ዎርድ እስኪከፍት ተማሪው ፍላሹን ሰክቶ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አፍሬ ወረቀት የማስተካክል እመስላለሁ። ስጽፍ ፊደሎቹ ከጣቴ ኋላ እየተንጠባጠቡ ነው የሚመጡት። «መግቢያ» ብዬ ጨርሼ ስክሪኑ ገና «መ» ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፤ ያው ነው።

አንድ ደንበኛዬ «ባዮስ ውስጥ የተደበቀ ሴቲንግ አለ፣ እሱ ከበራ እንደ አዲስ ይሮጣል» አለኝ። ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት የቦርዱ ሴቲንግ ነው። የቱ እንደሆነ ግን አያውቀውም። እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን እየደረሰ ነው። በናታችሁ።

ሲስተም_ሰባሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

ወንድሜ ቀላል ነው። ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ አነሣስ ማስተካከያ ክፈት። ቡት የሚለው ውስጥ ግባና አድቫንስድ ኦፕሽንስን ተጫን። ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ ላይ ምልክት አድርግና 4 ምረጥ። ማክሲመም ሜሞሪንም ምልክት አድርገህ ሙላው። ሪስታርት። ዊንዶውስ ሲጫን በአንድ ኮር፣ ማለትም በአንድ የፕሮሰሰሩ ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ሰው አያውቅም። የኔ ከዚያ በኋላ ሮኬት ሆኗል።

የፊደል_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

እህትህ ነኝ :) አደረግኩት። ሪስታርት ብዬ ቡና አፈላሁ። ምንም ለውጥ የለም።

ቡና_በጨው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:37

የቱ ላይ ተነሣልሽ? አቦል ወይስ ቶና?

የፊደል_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:38

በረካ ላይ።

አሮጌ_ቦርድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ ያንን ምልክት ቶሎ አንሺው። ሁለቱንም።

ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ዊንዶውስ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ይጠቀማል። ያ ቦታ የተሠራው ለመቀነስ ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች «ደካማ ማሽን ላይ እንዴት ይሆናል?» ብለው የሚፈትሹበት ነው። እዚያ ገብቶ ኮር የጨመረ ሰው የለም። ማክሲመም ሜሞሪው ደግሞ ይብሳል። የተሳሳተ ቁጥር ከገባበት ያለሽን ራም ይቆርጥብሻል። «4 ጊጋ አለኝ፣ ግን 2 ብቻ ነው የሚሠራው» ብሎ ራም ሊያስቀይር የመጣ ደንበኛ ነበረኝ። ምልክቱን አንሥቼ መለስኩት። ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ ግን ቡና ጋብዞኛል።

ሰባሪ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም። ይህን የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ሁላችንንም አታለውናል። ሪስታርት የተደረገ ማሽን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁሌም ፈጣን ይመስላል።

አሁን ምንም ሴቲንግ ሳትነኪ አንድ ቁጥር አምጪልኝ። ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ። ስፒድ የሚል አለ። ዎርድ እየከፈተ እያለ ስፒዱ ስንት ይላል? ያንን ንገሪኝ፤ ከዚያ እናወራለን።

ሲስተም_ሰባሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:11

ጋሼ የኔ ግን በእርግጥ ፈጥኗል።

ቡና_በጨው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

ገንዘብ ከፍለህበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥን ነበር።

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:20

ምልክቱን አንሥቻለሁ። ቁጥሩ 0.79 ነው። ዎርድ ሲከፍትም 0.79፣ ፒዲኤፍ ሲከፍትም 0.79፣ ዝም ብሎ ተቀምጦም 0.79። ንቅንቅ አይልም። ከጎኑ ደግሞ 100 ፐርሰንት ይላል። ከላይ የፕሮሰሰሩ ስም አጠገብ 1.90 ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ምን ማለት ነው?

ኪቶ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:48

ጎረቤት ነን ማለት ነው፣ እኔም እዚያው ግቢ ነኝ።

4300ዩ መደበኛ ፍጥነቱ 1.9 ጊጋ ኸርዝ ነው። ሥራ ሲበዛበት በአንድ ኮር እስከ 2.9፣ በሁለቱም ሲሆን ደግሞ እስከ 2.6 ይወጣል። ሥራ ሲያጣ ወደ 0.8 ይወርዳል፤ ኃይል ለመቆጠብ ነው፣ ጤናማ ነው። ያንቺ ግን 100 ፐርሰንት እየሠራ 0.79 ላይ ነው። ታምሞ ሳይሆን ታስሮ ነው። አንድ ነገር «ከዚህ በላይ እንዳትሄድ» ብሎታል።

መጀመሪያ ቀላሉን እናጥራ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የያዝሽው ፕላን አድቫንስድ ሴቲንግ አለው። ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ስር ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል አለ። 100 መሆን አለበት። አንዳንድ ሰው ላፕቶፕ እንዳይግል ብሎ ዝቅ ያደርገውና ይረሳዋል።

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:02

100 ነው።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ጥያቄ ልጨምር። ጠዋት ስትከፍቺው፣ ዊንዶውስ ሳይገባ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የሆነ ጽሑፍ መጥቶ ቁልፍ ተጫኚ ይልሻል?

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:34

አዎ! እንዴት አወቁ? ስለ አዳፕተር ምናምን ይላል። ኤፍ 1 ስጫን ያልፋል። በየጠዋቱ እጫናለሁ። እንደ ሰላምታ ለምጄዋለሁ።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:36

ባትሪውስ?

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:41

አይሞላም። ዜሮ ላይ ቀርቷል። ሞቷል ብዬ ተውኩት። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ቻርጀሩን ግን በቅርብ ነው የቀየርኩት፤ የድሮው ገመዱ አንገቱ ላይ ተልጦ ብልጭ ብልጭ ሲል ፈርቼ አዲስ ገዛሁ። ጥቅምት ላይ መሰለኝ።

ቆይ። መንቀራፈፍ የጀመረውም ጥቅምት ላይ ነው።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:43

እንግዲህ ይኸውልሽ።

የቻርጀርሽን ጫፍ ወደ ዓይንሽ አስጠጊና እዪው። ክቡ ቱቦ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለች? እሷ መብራት አታመላልስም። ወሬ ነው የምታመላልሰው። ዋናው ቻርጀር ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ ላፕቶፑ ሲጠይቃት «እኔ 65 ዋት ነኝ» ወይም «90 ዋት ነኝ» ብላ ትመልሳለች። መልሱ ካልመጣ ቦርዱ ይፈራል። «ይሄ ሰውዬ ስንት እንደሚችል አላውቅም፣ ብዙ ብጠይቀው ሊቃጠል ይችላል» ይላል። ከዚያ ሁለት ነገር ያደርጋል። ባትሪ መሙላት ያቆማል። ፕሮሰሰሩን ደግሞ እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርገዋል። ጠዋት ጠዋት ኤፍ 1 እየተጫንሽ ያለፍሽው ጽሑፍ ይህንኑ ነበር የሚነግርሽ።

ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቻርጀሩ ቺፕ የሌለው አስመስሎ የተሠራ ነው። ወይም ቺፑ አለ፣ ግን ገመዱ ውስጥ ያለችው የወሬ ክር አንገቱ ላይ ተበጥሳለች፤ ከሁሉም ቀጭኗ እሷ ስለሆነች ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ወይም ላፕቶፑ ላይ ያለው መሰኪያ ውስጡ ተጎድቷል። ባዮስ ግቢና የአዳፕተር ዓይነት የሚለውን እዪ። ቁጥር ከሌለውና የማይታወቅ ካለ፣ ነገሩ አለቀ።

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

አንኖውን ይላል።

ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፔር ይላል። 90 ዋት ማለት አይደለም?

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:15

ወረቀት ምን ይሳነዋል ልጄ። አንድ መቶ ብለው ቢጽፉበትስ ማን ይከለክላቸዋል?

ኪቶ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

የተደበቀ ሴቲንግ ያልሽው አሁን መጣ። አለ። ደንበኛሽ የሰማው ይህን ሳይሆን አይቀርም፣ ባዮስ ውስጥ ግን አይደለም።

ፕሮሰሰሩ ላይ ፕሮክሆት የሚባል መስመር አለ። ሥራው ሙቀት ማስታወቅ ነው። ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል በዚያ መስመር «ግያለሁ» ይላል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ቢዲ ፕሮክሆት ማለት መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል ማለት ነው። ቦርዱም በተራው በዚያው መስመር ለፕሮሰሰሩ «ዝቅ በል» ማለት ይችላል። ያንቺ ፕሮሰሰር አልጋለም። ቦርዱ ቻርጀሩን ስላላወቀው በሙቀት መስመር ተጠቅሞ እያሰረው ነው።

ትሮትልስቶፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሲከፈት ቢዲ ፕሮክሆት የሚል ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ይገኛል። ምልክቱን አንሺው። ሪስታርት እንኳን አያስፈልገውም። ታስክ ማናጀሩን ከጎን ከፍተሽ እዪ።

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

አነሣሁት።

ጣቴ ገና ከማውሱ ሳይነሣ 0.79 የነበረው 2.58 ሆነ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ልጅ ደንግጣ ወረቀቷን ጣለች። ፊደሎቹ ከጣቴ እኩል ይመጣሉ! ከጥቅምት ጀምሮ ታስሮ የነበረ ሰው ነው የተፈታው!

ኪቶ_ተማሪ፣ ሱቅ ስትመጣ ፕሪንት በነፃ።

ሲስተም_ሰባሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሴቭ አድርጌዋለሁ።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

ደስታሽን ማጨለም አልፈልግም። ግን ቻርጀሩን አሁን በእጅሽ ንኪው።

የፊደል_ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:12

ውይ። እንቁላል ይጠብሳል።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:40

ያልኩት ይህንን ነው። ቦርዱ የፈራው በከንቱ አልነበረም። አንቺ የዘበኛውን አፍ ነው የዘጋሽው እንጂ ሌባውን አላባረርሽም። ያ ቻርጀር ስንት ዋት መስጠት እንደሚችል አሁንም የሚያውቅ የለም። ፕሮሰሰሩ ሲሮጥ ብዙ ይስባል፣ ቻርጀሩ ደግሞ ያቅተዋል። ወረቀት የሞላበት ቤት ውስጥ ነው ያለሽው።

ኪቶ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሼ፣ ሙቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ላርም። ሳጥኑ ሲነሣ ችላ የሚባለው ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ከጋለ አሁንም በራሱ ይወርዳል፣ ያ ጥበቃ አይጠፋም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አይቃጠልም።

አሮጌ_ቦርድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። እኔ የማወራው ግን ስለ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ስለ ቻርጀሩ ነው። እሱን የሚጠብቀው የለም። ደግሞም ባትሪው አሁንም አይሞላም፤ ያ የሌላ ክፍል ውሳኔ ነው፣ ትሮትልስቶፕ አይደርስበትም። ፕሮግራሙም ራሱ ካልተከፈተ ሴቲንጉ አይያዝም። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር በታስክ ስኬጁለር እንዲከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። ለፍተሻ ግሩም ነው። መዳኛ ግን አይደለም።

ኪቶ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:31

እዚህ ላይ እስማማለሁ። መሰኪያው ውስጡ የተጎዳ ከሆነና ቻርጀሩ ትክክለኛ ከሆነ ግን በዚህ መኖር ይቻላል። እኔ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ።

የፊደል_ቤት
ዓርብ፣ ከቀኑ 7:15

ይቅርታ ጠፋሁ። ሳጥኑን ወደ ነበረበት መልሼ ነው የሰነበትኩት፣ ጋሼ አስፈራሩኝ።

ዛሬ አንድ የግቢው መምህር ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ ይዘው ሊያሳትሙ መጡ። ቻርጀራቸውን ለአምስት ደቂቃ ለመንኩ። ጽሑፉ አልመጣም። ኤፍ 1 አልተጫንኩም። በቀጥታ ገባ። ስፒዱ 2.6 አካባቢ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ባትሪው ነው፤ ሞተ ያልኩት ባትሪ መሙላት ጀመረ! አምስት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ 31 ፐርሰንት ደርሶ ነው ቻርጀራቸውን የመለስኩት።

ስለዚህ መሰኪያው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ከሸጠኝ ልጅ ጋር መጣላት አልፈልግም፣ እሱም የነገሩትን ነው የሸጠው። ያገለገለ ግን ኦርጅናል ቻርጀር ፈልጌ አገኘሁ። ከመግዛቴ በፊት እዚያው ሰክቼ ባዮስ ገብቼ አየሁ። 65 ዋት ይላል። ሻጩ «ምን እያየሽ ነው?» ሲለኝ «ወሬ እየጠየቅኩት ነው» አልኩት።

አሮጌ_ቦርድ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7:50

ተባረኪ። ባዮስ ከፍቶ ቻርጀር የሚገዛ ደንበኛ እኔም አይቼ አላውቅም።

የፊደል_ቤት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:00

አሁን ስግብግብ ሆንኩ። መጻፉ ፈጥኗል፣ ዎርድ መክፈቱ ግን አሁንም ይጎተታል። ሲፒዩው 20 ፐርሰንት፣ ዲስኩ ግን 100 ይላል።

ዊንዶውስ_11_ጫኚ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:20

ዊንዶውስ 11 ጫኚበት።

ኪቶ_ተማሪ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:31

በይፋ የሚፈቅደው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ የሷ 4ኛ ነው። በጉልበት ቢጫንም ዲስኩን አያፈጥነውም።

ሊኑክስ_ወዳጅ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሊኑክስ

የፊደል_ቤት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:44

ወንድሜ፣ ግማሹ ደንበኛዬ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የዊንዶውስ አማርኛ መጻፊያ የተጻፈ የድሮ ፋይል ይዞ ነው የሚመጣው። ተወኝ።

አሮጌ_ቦርድ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:10

ዲስኩ 100 ከሆነ አሁን የታሰረው ሌላ ቦታ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሰሃን ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። የሚፈልገው ነገር መርፌው ስር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃል፤ ያ ብቻውን 5.6 ሚሊ ሰከንድ ነው። መርፌው ራሱ ለመንቀሳቀስ የሚፈጅበት ሲጨመር ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ዎርድ ሲከፈት እንዲህ ያለውን ጉዞ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያደርጋል። ይህን የሚፈታ ሴቲንግ የለም። ኤስኤስዲ ግዢ፤ እሱ የሚዞር ነገር የለውም።

ራሙንም አስቢበት። አንድ ባለ 4 ከሆነች ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው ማለት ነው። እዚያ ሌላ 4 ብትጨምሪ ራም መብዛቱ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። ሁለት ስትሆን በሁለት መስመር ነው የምታመላልሰው። በ1600 ራም አንዷ በሰከንድ እስከ 12.8 ጊጋ ባይት ታመላልሳለች፤ ሁለት ሲሆኑ 25.6። የስክሪን ካርድሽ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ነው የሚበደረው፣ ስለዚህ ይሰማዋል። የሚከፈት የሚዘጋ ሴቲንግ የለውም፣ ሁለተኛዋን ስትሰኪ በራሱ ይበራል። ራሟ ግን በ1.35 ቮልት የምትሠራው ትሁን። ጽሑፏ ላይ ከ3 ቀጥሎ ኤል የሚል ፊደል አለባት። ኤል የሌላት 1.5 ቮልት ናት፣ ያንቺ ማሽን ላይሠራባት ይችላል።

ሲስተም_ሰባሪ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:30

እስከዚያው በነፃ አንድ ነገር አለ። ዲቫይስ ማናጀር፣ ዲስክ ድራይቭስ፣ ፖሊሲስ። ራይት ካሽ ባፈር ፍለሺንግን አጥፋ የሚል ሁለተኛ ሳጥን አለ። እሱን ብታደርጊው ኮፒ ይፈጥናል። ይሄ እንኳን እውነት ነው ጋሼ፣ አጣርቻለሁ።

አሮጌ_ቦርድ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:44

እውነት ነው። ጎበዝ። ግን እኛ ጅማ ነን።

ዲስኩ የተቀበለውን ገና ሳይጽፈው ጽፌያለሁ ይላል፤ ያ ሳጥን ደግሞ ዊንዶውስን «በል አሁኑኑ ጻፈው ብለህ አታስገድደው» ይለዋል። መብራት በድንገት ከሄደ ጽፌያለሁ ያለው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሲጀምር መብራቱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ታውቃለህ። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ባትሪዋ አሁን ስለሚሞላ ላፕቶፑ ይሻላል፤ ዴስክቶፑ ላይ ግን ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ ሳይኖር፣ እንዳትነካካው።

መብራት_ሲመጣ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:20

ስለ መብራትና ስለ ተደበቀ ሴቲንግ ካነሣችሁ የኔን ስሙ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ኮር ቱ ዱዎ ኢ8400 ዴስክቶፕ አለችኝ። 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ገጠምኩባት። የዲስክ መስመሯ ሳታ 2 ስለሆነ ከ300 ሜጋ ባይት በሰከንድ በላይ አትሄድም፣ ግን ከሃርድ ዲስኩ ጋር ምን ሊያወዳድረው። ሕይወቷ ተቀየረ።

ከዚያ እንደናንተ ስግብግብ ሆንኩና ባዮስ ገባሁ። ሳታ ኦፕሬሽን የሚል አለ። ኤቲኤ የሚባለው አሮጌ ሞድ ላይ ነበረች። ኤኤችሲአይ አደረግኳት። ኤኤችሲአይ ዲስኩ እስከ 32 ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ራሱ እንዲያደራጅ ያስችላል፤ በአሮጌው ሞድ አንድ በአንድ ነው። ሴቭ ብዬ ወጣሁ። ሰማያዊ ስክሪን! ዊንዶውሱ የተጫነው በአሮጌው ሞድ ስለነበር በአዲሱ ዲስኩን ማግኘት አቃተው። ልቤ ቀጥ አለ። ወደ ኤቲኤ ስመልሰው ተነሣ።

መንገዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ፣ ቡት ላይ፣ ሴፍ ቡት የሚለውን ምልክት አድርጉ። ሪስታርት ሲል በቀጥታ ባዮስ ግቡና ኤኤችሲአይ አድርጉ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሣ አዲሱን ድራይቨር ራሱ ያነሣል። ከዚያ ሴፍ ቡት የሚለውን አንሥታችሁ እንደገና ሪስታርት። አለቀ። በፒን ብቻ የምትገቡ ሰዎች ግን ዋናውን ፓስወርድ አስቀድማችሁ አስታውሱ፣ ሴፍ ሞድ ፒን ላይቀበላችሁ ይችላል።

ሲስተም_ሰባሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:26

ኤምኤስኮንፊግ በስተመጨረሻ ለአንድ ነገር ዋለ!

ሀ_ብሎ_ጀማሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:30

ፈጠነ?

መብራት_ሲመጣ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:48

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥቂት። ትልቁን ሥራ የሠራው ኤስኤስዲው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ከመቶ ብር አምስት ተርፎህ ሳንቲም እንደ መቁጠር ነው።

ግን ታሪኩ አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስመጣ ያው ሰማያዊ ስክሪን። ባዮስ ገባሁ። ኤቲኤ! እኔ እኮ ኤኤችሲአይ አድርጌያለሁ። መልሼ አደረግኩት፣ ተነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ መብራት ሄደ፣ አሁንም ያው። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ይነካካብኛል ብዬ ማታ ማታ ቁልፍ መደበቅ ጀመርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ጠርጥሬያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በስተመጨረሻ ሰዓቱን አየሁት። ከዓመታት በፊት ወደ ነበረ ቀን ተመልሷል። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ ሞታለች! መብራት እስካለ ድረስ ቦርዱ ከመብራቱ እየተመገበ ሴቲንጉን ያስታውሳል። መብራት ሲሄድ የሚያስታውሰው በባትሪዋ ነው። እሷ ከሞተች ሁሉንም ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። መብራት የማይሄድበት ከተማ ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሲአር 2032 ነው የምትባለው፣ 3 ቮልት። ከሰዓት ጠጋኝ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልረሳ።

የፊደል_ቤት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

እኔ እንግዲህ የዴስክቶፑን ጉድ ሌላ ቀን አወራለሁ ያልኩት ይህንኑ ነበር! መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይዞራል፣ ኢንተርኔቱም ሰርተፊኬት ምናምን ብሎ አልከፍት ይላል። እኔ ቫይረስ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ሰዓት ጠጋኙ ጋ እሄዳለሁ።

አሮጌ_ቦርድ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:41

ሂጂ። ስታወጪያት ግን ዴስክቶፑ ከሶኬት ይነቀል። መያዣዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ በጥፍርሽ ገፋ ስታደርጊያት ራሷ ትዘላለች። የድሮዋን በየት በኩል እንደተኛች አይተሽ አዲሷንም እንዲሁ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ።

የፊደል_ቤት
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከቀኑ 10:00

ሪፖርት። የዴስክቶፑ ባትሪ ተቀየረ፣ ሰዓቱ ቆሟል፤ ማለቴ መዞሩን አቁሟል። ላፕቶፑ ላይ ኤስኤስዲና ሁለተኛ ራም ገባ። ዎርድ ስከፍት ወረቀት የማስተካክልበት ጊዜ የለኝም። አሁን ተማሪው የሚጠብቀው ፕሪንተሩን ነው። ፕሪንተር የሚያፈጥን የተደበቀ ሴቲንግ ያለው?

ቡና_በጨው
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከቀኑ 10:03

አዲስ ርዕስ ክፈቺ። አቦሉን አፍልቼ እመጣለሁ።

ከአጋሮ
ከሰባት ወር በኋላ፣ ከምሽቱ 3:15

ሰላም፣ ይሄ የድሮ ውይይት መሆኑን አውቃለሁ። ከአጋሮ ነው የምጽፈው። የኔም 0.79 ላይ ቆሟል፣ ባትሪውም አይሞላም። ጽሑፍ ግን አይመጣልኝም። ምን ላድርግ?

የፊደል_ቤት
ከሰባት ወር በኋላ፣ ከምሽቱ 3:40

እንኳን ደህና መጣህ። ወይም መጣሽ። ያ ማስጠንቀቂያ ባዮስ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ስላልመጣ ደህና ነው ማለት አይደለም። ባዮስ ግባና የአዳፕተሩን ዓይነት እይ። ቁጥር አለው ወይስ አንኖውን ይላል?

ከአጋሮ
ከሰባት ወር በኋላ፣ ከምሽቱ 3:58

አንኖውን።